ሦስተኛው በር፦ የሕዝብ ሽንት ቤት በጾታ መለየት አለበት ወይ?

ባለፈው ሴሚስተር በአንድ ሴሚናር ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሽንት ቤት ስናወራ ከረምን። አትሳቁ። በሚግዳር ጥናት ውስጥ ይሄ ርእስ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል፤ የተጻፈበትም ብዙ ነው፣ የሚያጣላውም ብዙ ነው። ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በሕዝብ ቦታ ያለ ሽንት ቤት «ግቫሪም» እና «ናሺም» ተብሎ በሁለት በር መከፈሉ ያስፈልጋል ወይስ ልማድ ብቻ ነው? ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው አብዛኛው መልሱን ይዞ ነው የገባው። ልማድ ነው፤ ያውም ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ልማድ፤ ጊዜው ያለፈበት። እኔም ንባቦቹን ጨርሼ ስገባ ከግማሽ በላይ ተስማምቼ ነበር። ስወጣ ግን አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ፤ እሱን ነው እዚህ የማወራው።

መጀመሪያ የንባቦቹን ጥንካሬ ልናገር፤ ያለዚያ ትችት ማለት ማማረር ብቻ ይሆናል። ኧርቪንግ ጎፍማን የተባለው የሶሲዮሎጂ ሰው በ1977 ባሳተመው አንድ ጽሑፍ ላይ ሽንት ቤትን እንደ ምሳሌ ያነሣል። የወንድና የሴት ሰውነት ይለያያል፤ ግን ልዩነቱ ሁለት ክፍል ግዴታ የሚያደርግ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መለያየቱ የልዩነታችን ውጤት መስሎ ይቀርባል እንጂ፣ በተግባር ልዩነቱን የሚያከብረው፣ እንዲያውም የሚያመርተው እሱ ነው ይላል። ይሄ ነገር ረቀቅ ካለባችሁ ከኢየሩሳሌም ወደ ቴል አቪቭ በባቡር ሂዱ። ባቡሩ ውስጥ ሽንት ቤቱ ለሁሉም አንድ ነው። ባለ ጥቁር ባርኔጣውም ሐረዲ፣ መሣሪያ ያነገተችውም ወታደር፣ አሮጊቷም ተራ ጠብቀው ይገባሉ፤ ማንም አይጮኽም። ከባቡሩ ወርደው ጣቢያው ውስጥ ሲገቡ ግን እነዚያው ሰዎች ሁለት በር ይፈልጋሉ። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። የአካል ጉዳተኞች ሽንት ቤትም በብዙ ሕንፃ ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ ስለ እነሱ ጨዋነት የሚጨነቅ ሰው አላየሁም።

የሕግ ምሁሩ ቴሪ ኮገን ደግሞ የአሜሪካን ሕጎች ቆፍሮ ያወጣል። በሥራ ቦታ ለወንድና ለሴት የተለየ ሽንት ቤት ይኑር የሚለው የመጀመሪያው ሕግ በማሳቹሴትስ በ1887 ወጣ፤ እስከ 1920 ድረስ ከ40 በላይ ግዛቶች ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ለምን ያኔ? ሴቶች ከቤት ወጥተው ፋብሪካ መግባት የጀመሩበት ጊዜ ስለነበር። የሴት ቦታ ቤት ነው ብሎ የሚያምን ኅብረተሰብ ሴቷን ከፋብሪካ ማስወጣት ሲያቅተው በፋብሪካው ውስጥ ትንሽ «ቤት» ሠራላት። በዚያው ዘመን በባቡር የሴቶች ፉርጎ፣ በቤተ መጻሕፍት የሴቶች ማንበቢያ ክፍል ነበረ። ፉርጎውና ማንበቢያው ቀርተዋል፤ ሽንት ቤቱ ቀረልን።

ጥሩ ክርክር ነው። ግን የለንደኑን ታሪክ ስታነቡ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሴቶቹ ችግር ለብቻ መደረጋቸው አልነበረም፤ ቦታ ማጣታቸው ነበር። ለወንዶች በየመንገዱ በነጻ መሽኛ ሲተከል ለሴቶች የነበረው እጅግ ጥቂት፣ እሱም በሳንቲም ነው። ተመራማሪዎች ለዚህ «የሽንት ገመድ» የሚል ዓይነት ስም ሰጥተውታል፦ ሴት ከቤቷ የምትርቀው ሽንቷን መያዝ የምትችለውን ያህል ነው። በ1900 በካምደን ታውን አንድ የሴቶች ሽንት ቤት ይሠራ ተባለና ቦታውን ለማሳየት የእንጨት ሞዴል ቆመ። የኦምኒባስና የጋሪ ነጂዎች እየመጡ ገጩት፤ «ይኸው መንገድ ዘጋ» ሊባል። የቴአትር ጸሐፊው በርናርድ ሾው ያኔ የዚያ ሰፈር ምክር ቤት ሰው ነበርና በ1909 ባወጣው ጽሑፍ ታሪኩን እየተሳለቀ ነግሮታል። ልብ በሉ፤ እነዚያ ሴቶች የታገሉት «ናሺም» የሚል በር እንዲከፈትላቸው ነው። ባርባራ ፔነር ይሄን ታሪክ በደንብ ጽፋዋለች። ከኦልጋ ገርሸንሰን ጋር በ2009 ባዘጋጁት «ሌዲስ ኤንድ ጀንትስ» በተባለው ስብስብ ውስጥ ደግሞ ክላውዲያ ሚቸል ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች የትምህርት ቤት ሽንት ቤት ለሴት ልጆች እንዴት የአደጋ ቦታ እንደሆነ ታሳያለች። የወር አበባዋ የመጣባት፣ በሩ የማይቆለፍ፣ ውሃ የሌለው፣ ወንዶች የሚቆሙበት ሽንት ቤት ያላት የ13 ዓመት ልጅ ጋ ሄዳችሁ መለያየት ልማድ ብቻ ነው ብትሏት ምን ትላችሁ ይመስላችኋል?

እስከዚህ ያለው ክርክር በሴሚናሩም ተነሥቷል። ያልተነሣው ሦስተኛው በር ነው።

በአሜሪካ ደቡብ በጂም ክሮው ዘመን፣ ማለትም እስከ 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ድረስ፣ በብዙ ነዳጅ ማደያና የአውቶቡስ ጣቢያ ሦስት በር ነበር። አንዱ ላይ «ሌዲስ»፣ አንዱ ላይ «ጀንትልመን»፣ ሦስተኛው ላይ «ከለርድ»። ጥቁር ወንድና ጥቁር ሴት በአንድ በር። ገንዘብ ያለበት ቦታ አራት ይሠራ ነበር፤ «ሂደን ፊገርስ» የሚለውን ፊልም ያያችሁ ጀግናዋ ለጥቁር ሴቶች የተባለውን ፍለጋ ግቢውን አቋርጣ ስትሮጥ ታስታውሳላችሁ። ሦስት በር የነበረበት ቦታ ግን ከአራቱ የበለጠ ያስተምራል። «ሌዲ» ማለት ሴት ማለት እንዳልነበረ በግልጽ ያሳያል። መለያየቱ ለነጭ ሴት የተሰጠ ክብር ነበር፤ ጥቁሯ ሴት ግን ሴትነቷ ከቁጥር አልገባም። ኮገን ሕጎቹ ሴትን ደካማ አድርጎ ከማየት የመጡ ናቸው ይላል፤ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ያ ንቀት የተቀላቀለበት ጥበቃ እንኳን የተነፈጋት ሴት ነበረች፤ እሷን ከታሪኩ ብናወጣት መለያየትን ማንሣት ለሁሉም እኩል ነጻነት ይመስለናል። ስለዚህ «መለያየቱ ይቅር» ሲባል እኔ በቅድሚያ የምጠይቀው፦ መለያየቱ ለማን ደርሶ ያውቃል?

ይሄ የሩቅ አገር ታሪክ እንዳይመስላችሁ። እናቴ 19 ዓመት የሕዝብ ሽንት ቤት አጽድታለች። በቃብላን በኩል፣ መጀመሪያ በአንድ የገበያ ማእከል፣ በኋላ በአንድ የቢሮ ሕንፃ። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ እንዲህ ያለ እናት ወይም አክስት እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትምህርት በማይኖርበት ቀን የምትተወኝ ሰው ስታጣ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ባልዲዋን ደፉ ላይ ታቆማለች፣ ቢጫውን ምልክት በር ላይ ታደርጋለች፣ «እዚህ ቁጭ በይ» ትለኝና ገብታ ትወለውላለች። የወንዶቹ ክፍል ነው። ወንዶቹ ምልክቱን አልፈው ይገባሉ። «ስሊኻ» የሚል አለ፤ አብዛኛው ግን ምንም ሳይል ገብቶ፣ እሷ ከጎኑ ወለሉን እየወለወለች፣ ቆሞ ይሸናል። እናቴ ጎንደር ገጠር ያደገች ሴት ናት፤ እንግዳ ወንድ ፊት ቀና ብላ አትበላም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እስኪወጣ ትጠብቃለች። ትንሽ ከፍ ስል «እማዬ፣ ለምን ውጡ አትያቸውም?» አልኳት። «ሰው ያለ መስሏቸው ቢሆን መች ያፍሩ ነበር የምላቸው ያጣሁ» አለችኝ።

ጎፍማን የወንድና የሴት ልዩነት በሽንት ቤት በር ላይ ይመረታል ካለ፣ ለእናቴ አልተመረተላትም። በሁለቱም በር ትገባለች፤ በአንዱም እንደ ሴት አልተቆጠረችም። በዚያ ሕንፃ ውስጥ «ከጾታ ነጻ» የሆነ ሰው ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች፤ ነጻነት ግን አልነበረም። ያነበብናቸው ጽሑፎች ሁሉ ሽንት ቤቱን የሚያዩት በሚጠቀመው ሰው ዓይን ነው። የሚጠቀመው ሰው ሁለት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰዓት የሚቆየው የሚያጸዳው ሰው ነው። ደግሞ ገርሞኝ የማያልቀው፣ እሷ ራሷ እዚያ አትሸናም ነበር። እቤት እስክትመጣ ትይዛለች። የለንደን ሴቶች ገመድ እዚህ ከአንድ የገበያ ማእከል እስከ ሦስተኛ ፎቅ አፓርታማችን ተዘርግቶ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ያልተዋጠልኝ አለ፤ የመነሻ ታሪኩ። ለሴት አካል ተብሎ የተለየ ቦታ መሥራት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው ሲባል እኔ አያቴን አየሁ። በአያቶቻችን መንደር ሽንት ቤት የሚባል ቤት አልነበረም፤ «ውጭ መውጣት» ነው ቃሉ። አያቴ እንደምትለው ሴቶች ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ፣ ሁለት ሦስት ሆነው ይወጣሉ፤ የሚለያያቸው ግድግዳ ሳይሆን ሰዓቱና አቅጣጫው ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይም ከሰፈር ውጭ ቦታ ይኑርህ፣ መቆፈሪያ ያዝ፣ ቆፍረህ ሸፍን ነው የሚለው፤ ስለ ርቀትና ስለ መሸፈን ያዛል፣ ስለ ወንድና ሴት ምንም አይልም። እርግጥ የሚያወራው ስለ ጦር ሰፈር ስለሆነ ከዚህ ብዙ መምዘዝ አይቻልም።

ለብቻ የተሠራ የሴቶች ቤት ግን ነበር፤ የመርገም ጎጆ። ከመንደሩ ዳር፣ በድንጋይ ተከብቦ፣ ሴት በወር አበባዋ ሰባት ቀን የምትቀመጥበት። ከወለደች ደግሞ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ኦሪት ዘሌዋውያን እንደሚያዘው ትጠብቃለች። ምግቧ ከድንጋዩ ወዲህ ይቀመጥላታል፤ እሷ ከወዲያ ታነሣዋለች። ጊዜዋን ስትጨርስ ወንዝ ወርዳ ሰውነቷንና ልብሷን ታጥባ ትመለሳለች። ይሄ የሽንት ቤት ጉዳይ አይደለም፤ የንጽሕና ሕግ ነው፤ አንድ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም። ቢሆንም ለሴት አካል የተለየ ቦታ ማለት ምን እንደሆነ የምናውቀው ከቪክቶሪያ አይደለም።

ሊሳ አንተቢ በ1999 ባሳተመችው «ቤት ውስጥ ደም አለ» በሚል ርእስ በሚጀምረው ጥናቷ ላይ እናቶቻችን እዚህ ሲመጡ ምን እንደገጠማቸው ትጽፋለች። አፓርታማው ውስጥ ጎጆ የለም፤ መርከዝ ክሊታ ውስጥ ዳር የሚባል ቦታ የለም፤ ደሙ ቤት ገባ። ለአንዳንዷ እፎይታ ነበር፤ ለሌላዋ ጭንቀት። እቤት ስጠይቅም የምሰማው ሁለቱን ነው። አያቴ ስለ ጎጆው ስታወራ በአንድ ትንፋሽ «እረፍት ነበር፣ እንጨት የለ፣ ውሃ መቅዳት የለ፣ ሴት ከሴት ስንጫወት» ትልና ቀጥላ «ብርዱ! ጅቡ ሲጮህ! ብቻዬን የሆንኩ ጊዜ እንዴት እንደምፈራ!» ትላለች። እኔ የምለው፣ ሁለቱን ከፍለን አንዱን «መገለል» ሌላውን «ጥበቃ» ብለን በሁለት ሣጥን ማስቀመጥ አንችልም፤ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጎጆ፣ በአንዲት ሴት ላይ የሆነ ነገር ነው። ሴሚናሩ ውስጥ የነበረው ክርክር ግን አንዱን ምረጡ ይላል።

እዚህ አገር ደግሞ «መለያየት» የሚለው ቃል ሲሰማ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። በ2011 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ሴቶችን አስገድዶ ከኋላ ማስቀመጥ አይቻልም ብሏል፤ በ2021 ደግሞ ለሐረዲም የተለዩ የባችለር ክፍሎችን ቢፈቅድም መለያየቱ ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ኮሪደሩና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እንዳይሄድ ከልክሏል። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሽንት ቤትም ላይ ቢሆን መለያየትን መከላከል አያምራቸውም፤ ዛሬ በር፣ ነገ ወንበር ነው ስጋታቸው። ስጋቱ ይገባኛል። ግን ሕጉ ራሱ ከዚህ ክርክር የበለጠ ብልህ ነው። በ2000 የወጣው በአገልግሎትና በሕዝብ ቦታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ለወንድና ለሴት የተለየ ነገር የሚፈቅደው አለመለያየቱ ከሕዝቡ አንዱን ክፍል አገልግሎቱን እንዳያገኝ የሚያደርግ ሲሆን ነው፤ ያም ሆኖ መለያየቱ ምክንያታዊ መሆን አለበት፤ አገልግሎቱ ምን ያህል አስፈላጊ ነው፣ ሌላ አማራጭስ አለ ወይ ተብሎ ይታያል። የአውቶቡስ መቀመጫና ሽንት ቤት በዚህ ሚዛን አንድ አይደሉም። ሁሉን የቀላቀለ፣ በሩ ከታች የተቆረጠ ሽንት ቤት ቢሆን አያቴ አትገባም። ኩፓት ሆሊም ሄዳ ሐኪሟን ሳታይ ትመለሳለች እንጂ አትገባም። ይሄ ደግሞ አስተሳሰቧ ኋላ ቀር ስለሆነ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት፤ አገልግሎት ያጣችው እሷ ናት።

አማራጭ አለ ወይ የሚለው ላይ ግን ለለዋጮቹ አደላለሁ። አለ። እስከ ወለል የሚደርስ በርና እስከ ጣሪያ የሚደርስ ግድግዳ፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው ትንሽ ክፍል፤ ልክ እንደ ባቡሩ፣ ልክ እንደ ቤታችን። ያኔ በሩ ላይ ማን ይግባ ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2017 ወረፋውን በሒሳብ ሲያሰሉት በተለየው ሽንት ቤት ሴት በአማካይ ከ6 ደቂቃ በላይ ስትጠብቅ ወንድ ሴኮንዶች ብቻ ይጠብቃል፤ ሲቀላቀል የሴቷ ወደ 1 ደቂቃ ተኩል ግድም ይወርዳል። ኮንሰርት ላይ ረጅም ወረፋ የቆማችሁ ሴቶች ይሄን ለማመን ጌንት መሄድ አያስፈልጋችሁም።

ደግሞም የክርክሩ ሁሉ መነሻ የሆነ፣ እኔ እስካሁን ያልጠቀስኩት ሰው አለ። በ2016 ሰሜን ካሮላይና በልደት ወረቀትህ ላይ በተጻፈው ጾታ ግባ የሚል ሕግ ስታወጣ ያነጣጠረችው ትራንስ በሆኑ ሰዎች ላይ ነበር። በማኅበረሰባችን ውስጥ ይሄን ጮክ ብሎ ማውራት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ፊት አላወራውም። ግን በሁለቱም በር «አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ» ተብሎ የሚታይ ሰው ያለበት ሁኔታ ለኛ ትውልድ እንግዳ አይደለም። መግቢያ ላይ ቦርሳህን ክፈት የሚባለው ማን እንደሆነ፣ ማን ዝም ተብሎ እንደሚያልፍ ተምረን ያደግን ልጆች ነን። የተዘጋ ክፍል ለዚያ ሰውም፣ ለአያቴም፣ ሴት ልጁን ለብቻው ይዞ ለወጣ አባትም መልስ ነው።

መልስ የማይሆነው ርካሹ መንገድ ነው፦ ክፍሉን ሳይነኩ ምልክቱን መለወጥ። የቆመው መሽኛ እዚያው፣ የተቆረጠው በር እዚያው፣ ውጭ ግን «ለሁሉም» የሚል አዲስ ምልክት። ይሄ ሲሆን የወንዱ ምንም አይቀነስም፤ ሴቷ የነበራትን ታጣለች። ገንዘብ ከሌለ የሴቶቹ በር ይቆይ፤ እኔ በዚህ አልግደረደርም። ሦስተኛውን በር የማውቀው ስለሆነ «እኩልነት» ተብሎ ምልክቱ ብቻ ሲቀየር እጠረጥራለሁ።

የፋኩልቲያችን ሕንፃ ሊታደስ ነው፤ የተማሪዎች ማኅበሩ ሽንት ቤቶቹ ለሁሉም የሚሆኑ ዝግ ክፍሎች እንዲሆኑ ፊርማ እያሰባሰበ ነው። ፈርሜያለሁ። ማታ እቤት ስሄድ ስለ ፕላኑ ለእናቴ ስነግራት አዳመጠችኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ ስንት ክፍል ነው? አሥራ ሁለት አልኳት። አሥራ ሁለት መታጠቢያ፣ አሥራ ሁለት መስታወት፣ አሥራ ሁለት ማእዘን ወለል፤ በጣቷ ቆጠረችው። ለአንድ ፎቅ ስንት ሰው ይመድባሉ አለችኝ። አላውቅም ነበር። በማግስቱ ፕላኑን ድጋሚ አየሁት። የመብራቱ ዓይነት አለ፣ የበሩ ቀለም አለ፣ የቧንቧው ሴንሰር አለ። የጽዳት ሰዓት፣ ሲጸዳ ክፍሉ በቁልፍ ይዘጋ አይዘጋ፣ የምታጸዳው ሴት የት እንደምትለብስና የት እንደምትሸና አልተጻፈም። በፊርማው ወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩትና ለማኅበሩ መለስኩት።